ፀጉር ሲነቃቀል፦ ከማበጠሪያው እስከ ሐኪሙ ክፍል ለጎንደር ሴቶች ዝርዝር መመሪያ

ፀጉሯ መነቃቀል የጀመረ ሴት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ቅባት ነው። ቅዳሜ ገበያ ለጋ ቅቤ ይገዛል፣ ከኮስሞቲክስ ቤት አንድ ብልቃጥ ዘይት ይጨመራል፣ ጎረቤት ደግሞ የሽንኩርት ጭማቂ ትመክራለች። በዚህ መሐል ሦስት አራት ወር ያልፋል። አንዳንዱ መነቃቀል በነዚህ ወራት በራሱ ጊዜ ይቆማል፤ ምስጋናውን ቅባቱ ይወስዳል። ሌላው ግን በዚያው ጊዜ ውስጥ ፀጉር የሚበቅልበትን ቀዳዳ በጠባሳ ይዘጋዋል። አንዴ የተዘጋ ቀዳዳ በቅባትም በክኒንም አይከፈትም። እንግዲህ ከሁሉ በፊት የሚመጣው ሥራ የትኛው ዓይነት እንደያዘሽ መለየት ነው። ግማሹን ቤትሽ ሆነሽ መሥራት ትችያለሽ።

1. መጀመሪያ ቁጠሪ

ሰው ራሱ ላይ በግምት 100,000 ፀጉር አለው። እያንዳንዱ ፀጉር ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፣ ወደ 3 ወር ያህል ያርፋል፣ ከዚያ ወድቆ በሌላ ይተካል። በዚህ ሥርዓት ጤነኛ ሴት በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍባታል።

ሹሩባ የምትሠራ ሴት እዚህ ላይ ትሳሳታለች። ሹሩባ ውስጥ የረገፈ ፀጉር መሬት አይወድቅም፤ እዚያው ተጠላልፎ ይቆያል። ሹሩባው ሁለት ሳምንት ከቆየ፣ በምትፈቺበት ቀን ከ700 እስከ 1,400 የሚደርስ ፀጉር ባንዴ እጅሽ ላይ ይወጣል። እፍኝ ሙሉ ነው፤ ያስደነግጣል፤ ግን የ14 ቀን ድምር ነው እንጂ የአንድ ቀን አይደለም። ለጥምቀት የተሠራ ሹሩባ ወር ሞልቶት ሲፈታ ደግሞ ከዚህ እጥፍ ቢሆን አይግረምሽ።

ትክክለኛውን ለማወቅ ሹሩባው ከተፈታና ፀጉሩ በደንብ ከተበጠረ በኋላ፣ ሳትታጠቢ ሦስት ቀን ተከታትለሽ ጠዋት ጠዋት ነጭ ጨርቅ ላይ አበጥሪ። የወደቀውን ቁጠሪና ጻፊ። ትራስ ላይና ልብስ ላይ የቀረውን ጨምሪ። ሦስቱም ቀን ከ100 በላይ ከሆነ፣ ወይም ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ካለፈው ዓመትሽ ጋር ሲተያይ በግልጽ ከበዛ፣ ቀጥይ።

2. ከሥሩ ነው የወጣው ወይስ ተሰብሮ?

ከወደቀው 20 ያህል ፀጉር ምረጪና ጠቆር ያለ ጨርቅ ላይ አንድ ባንድ ዘርጊ። ጫፉ ላይ እንደ ጨው ፍንጣሪ ያለች ነጭ ነጥብ ካለችው ከሥሩ የረገፈ ነው። ብዙ ሴቶች ይህችን ነጥብ አይተው «ሥሩ ወጣ፣ አለቀልኝ» ይላሉ። አላለቀም። ነጥቧ ያረፈው ፀጉር መጨረሻ ናት፤ አዲሱን የሚያበቅለው ክፍል ቆዳ ውስጥ ቀርቷል።

በሁለቱም ጫፍ ነጥብ የሌለው፣ ርዝመቱም አንዱ አጭር አንዱ ረጅም ከሆነ ፀጉሩ እየተሰበረ ነው። መንስኤው ብዙ ጊዜ ከውበት ሳሎን ይመጣል። ሪላክሰር ቀድሞ በተቀባው ፀጉር ላይ እየተደጋገመ ሲደረብ ፀጉሩን ያሟሟዋል። ሪላክሰር መቀባት ያለበት አዲስ የበቀለው ላይ ብቻ፣ በሁለቱ መሐል ቢያንስ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ተቆጥሮ ነው። ፔስትራ በእርጥብ ፀጉር ላይ ሲተኮስ በፀጉሩ ውስጥ ያለው ውኃ ይፈላና አረፋ ይፈጥራል፤ ፀጉሩም ከዚያች ቦታ ይቀነጠሳል። ቢጉዲን ተጠቅልሎ ካስክ ውስጥ መግባት ከፔስትራ ይሻላል፤ ሙቀቱ ግን ራስ ቆዳን እስኪለበልብ መድረስ የለበትም። ሪላክሰር ካቃጠለሽ ሰዓቱ እስኪሞላ አትታገሺ፤ ወዲያው አስወግደሽ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ውኃ ታጠቢ። ቆዳው ውኃ ከቋጠረ ወይም ከቆሰለ ያኔውኑ ጤና ተቋም ሂጂ።

የተሰበረ ፀጉር በአብዛኛው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ከኬሚካልና ከሙቀት በማረፍ ይመለሳል፤ ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ሁለት ነገር ግን ከዚህ አይመደብም። አንዱ ስብራቱ ከራስ ቆዳው ጋር ተጠግቶ ቅርፊትና ማሳከክ ሲኖረው ሲሆን ፈንገስን ያመለክታል። ሁለተኛው አናት ላይ ብቻ ተለይቶ ሲሰበር ነው። ሁለቱም ቀጥሎ ይመጣሉ።

3. የራስ ቆዳሽን በሰው ዓይን አሳዪ

ለራስ በመስታወት አይታይም። የምታምኛትን ሴት ጥሪና በቀን ብርሃን ደጃፍ ላይ ተቀመጪ፤ ፀጉርሽን እየከፈለች በስልክ ፎቶ ታንሳሽ፤ ግንባር፣ ሁለቱ ጆሮ ግንድ፣ መሐል መስመር፣ አናት፣ ማጅራት። አምስቱንም። ፎቶዎቹ ኋላ ለሐኪሙም ይጠቅማሉ። በየወሩ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ይደገሙ።

በግንባርና በጆሮ ግንድ ከሳሳ፣ ከጠርዙ ደግሞ ስስ የጭራ መስመር ቀርቶ ከሆነ፣ በመሳብ የመጣ ነው። ሹሩባ፣ ሂውማን ሄር፣ በላስቲክ ወደ ኋላ የተጠበቀ ፀጉር ሁሉም ያደርጉታል። ሹሩባ ስትሠሪ ዓይንሽ ከተሳበ፣ በዚያ ሌሊት ትራስ ላይ ራስሽን ማስቀመጥ ካቃተሽ፣ በማግስቱ ከሥሩ ትናንሽ ብጉር ወይም መግል የቋጠሩ ነጥቦች ከወጡ፣ ሹሩባው ጠብቋል ማለት ነው። «ሁለት ቀን ነው፣ ይላመዳል» ይባላል። ሕመሙ ይላመዳል፤ ቀዳዳው አይላመድም። ይህ ጉዳት በመጀመሪያዎቹ ወራት ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፤ ለዓመታት ሲደጋገም ግን ወደ ጠባሳ ይለወጣል።

ፀጉርሽን መሐል ለመሐል ስትከፍዪ የሚታየው የቆዳ መስመር ከዓመት ዓመት እየሰፋ፣ የግንባሩ ጠርዝ ግን ሳይነካ ከቆየ፣ ይህ በዘርና በሆርሞን የሚመጣው የሴቶች መሳሳት ሳይሆን አይቀርም። ከሰላሳዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ይታያል፤ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ይበዛል። ከአባት ወገን ብቻ ይወረሳል የሚባለው ስሕተት ነው፤ ከሁለቱም ወገን ይመጣል።

አናት ላይ ጀምሮ እንደ ክብ ወደ ውጭ የሚሰፋ፣ የሚያሳክክ፣ የሚለበልብ ወይም ሲነካ የሚያም መሳሳት ለብቻው መታየት አለበት። በጥቁር ሴቶች ላይ የሚታወቅ፣ ጠባሳ የሚጥል ሕመም አለ፤ አንዳንዴም ገና ሲጀምር አናት ላይ ያለ ፀጉር መሰበር ብቻ ሆኖ ይታያል። ለዚህ ነው በአንድ ቦታ ብቻ የሚሰበር ፀጉር ለሳሎን ሳይሆን ለሐኪም የሚታየው።

ለስላሳ፣ ክብ፣ ቅርፊት የሌለው ባዶ ቦታ በድንገት ከወጣ ላሽ ይባላል። ሰውነት የራሱን ፀጉር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፤ አይተላለፍም። ከሱ ጋር የሚምታታው ቆረቆር ነው፤ እሱ ፈንገስ ነው፣ ይተላለፋል፣ ቅርፊት አለው፣ የተሰበሩ ፀጉሮችም እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያሉ። ቆረቆር በአብዛኛው የልጆች ነው፤ ልጇን አቅፋ የምታስተኛ ወይም በአንድ ማበጠሪያ የምትጠቀም እናት ግን ትያዛለች።

እንደ ብል የበላው ጋቢ እዚህም እዚያም የተቦጫጨቀ መሳሳት ቂጥኝን ሊያመለክት ይችላል። ማፈር አያስፈልግም፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በፔኒሲሊን ይድናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ፈልጊ። ባዶ በሆነው ቦታ ቆዳው ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ነጥቦች ይታያሉ? ከታዩ ፀጉሩ የመመለስ ዕድል አለው። ቆዳው የሚያብለጨልጭ፣ ልሙጥ፣ ቀዳዳ የሌለው ከሆነ ጠባሳ ገብቷል ማለት ነው፤ ሕክምናው የቀረውን ለማትረፍ ነው። ይህን ካየሽ የሚቀጥሉትን ክፍሎች በመንገድ ላይ አንብቢያቸው፤ ቀጠሮውን ዛሬ ያዢ።

4. ሦስት ወር ወደ ኋላ ቁጠሪ

ከመላ ራስሽ እኩል የሚረግፍ፣ ነጭ ነጥብ ያለው፣ የቆዳ ለውጥ የሌለው መነቃቀል ምክንያቱ ዛሬ አይገኝም። ሰውነት ከባድ ነገር ሲያጋጥመው ብዙ ፀጉር ባንዴ ወደ ዕረፍት ይገባል፤ የሚወድቀው ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው። በታኅሣሥ የጀመረብሽ ከሆነ መስከረምንና ጥቅምትን አስቢ። ወልደሽ ነበር? ትኩሳት ያለው ወባ፣ ታይፎይድ ወይም ሌላ ሕመም? ቀዶ ሕክምና? ብዙ ደም መፍሰስ? ውርጃ? ፈጣን ክብደት መቀነስ? ሐዘን?

የወሊዱን ልብ በይ። ሴት ልጅ ከወለድሽ፣ ለ80 ቀኗ ክርስትና ጠላው ሲጠመቅ ፀጉርሽ መርገፍ ይጀምራል። ቤቱ እንግዳ የሚበዛበት ሰሞን ስለሆነ «ዓይን በላት» ማለት ይቀናል። በእርግዝና ወራት ሳይረግፍ የቆየው ፀጉር ነው ተጠራቅሞ የሚወርደው። በአብዛኛው በስድስት ወር ይቀንሳል፣ ሕፃኑ ዓመት ሳይሞላው ይመለሳል። ማጥባት አያመጣውም፤ ማጥባት ማቆምም አያስቆመውም። ከዓመት ካለፈ ግን የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መታየት አለባቸው፤ ከወሊድ በኋላ የእንቅርት ዕጢ መታመም ያልተለመደ አይደለም።

መድኃኒትም ይቆጠራል፦ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮይክ አሲድ፣ ደም ማቅጠኛ፣ አንዳንድ የደም ግፊት ክኒኖች፣ የእንቅርት መድኃኒት ራሱ። የወሊድ መከላከያ ክኒን መጀመር ወይም ማቆም፣ የሦስት ወር መርፌና በክንድ የሚቀበረውም ለአንዳንድ ሴቶች ፀጉር ያረግፋሉ። አንዱንም በራስሽ አታቋርጪ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለፀጉር ተብሎ ሲቆም የሚመጣው ከፀጉር የከፋ ነው።

5. ሰውነትሽ ሌላ ምን ይላል?

የብረት እጥረት። ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠር፣ ድካም፣ በረዶ ወይም አፈር የመብላት አምሮት፣ የሚሰነጠቅ ጥፍር፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሞዴስ የሚያስቀይር የወር አበባ፣ ተቀራርቦ የተወለደ ልጅ ካለ ብረት ይጠረጠራል። ጤፍ ብረት አለው፤ ነገር ግን ሰውነት የሚወስደው ከፊሉን ብቻ ነው፣ ሻይና ቡና ደግሞ እሱንም ያስቀሩታል። ምሳ እንደተነሣ አቦል የሚቀርብበት ቤት ብረቱን ከነቡናው ያፈሰዋል። ቡናውን ማንም ተይ አይልሽም፤ ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቂው። ምስር ወጥና ሽሮ ላይ ሎሚ መጭመቅ ወይም ቲማቲም በቃሪያ ማቅረብ ብረቱን በደንብ ያስገባዋል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ብቻውን ፀጉር አያረግፍም፤ የሚያረግፈው ጾሙ በእንጀራና በድንች ብቻ ሲያልፍ ነው። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ለውዝና ሱፍ በየቀኑ ይግቡ።

እንቅርት። ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት፣ መወፈር፣ የሚደርቅ ቆዳ፣ የቅንድብ የውጭ ጫፍ መሳሳት የዕጢውን መድከም ይጠቁማሉ። ልብ መምታት፣ ላብ፣ መክሳት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ደግሞ ዕጢው ከመጠን በላይ መሥራቱን። ሁለቱም ፀጉር ያረግፋሉ። አንገት ላይ እብጠት ካለ ሳትጠየቂ ተናገሪ፤ በደጋው አገር ብዙ ስለሚታይ ሰው ለምዶት ያልፈዋል።

የወንድ ሆርሞን መብዛት። የወር አበባ ከ35 ቀን በላይ የሚዘገይ፣ አገጭና ደረት ላይ ጠንካራ ፀጉር የሚያወጣ፣ ብጉር የማይለቅሽ ከሆነ ዕንቁላል እጢ ላይ የሚታይ የሆርሞን መዛባት ይታሰባል። በጥቂት ወራት ውስጥ ድምፅ መጎርነንና ጢም አብረው ከመጡ አትዘግዪ። ሳታረግዢ ጡትሽ ወተት ካወጣና ራስ ምታት ወይም የዓይን መደብዘዝ ካለም እንዲሁ።

መገጣጠሚያ የሚያም፣ ፀሐይ ሲነካው ፊት የሚቀላ ወይም የሚጠቁር፣ አፍ ውስጥ ቁስል የሚደጋገም ከሆነ ሉፐስ የተባለውን በሽታ ሐኪሙ እንዲያስብ ንገሪው።

6. እስከ ቀጠሮው ድረስ የማይደረገው

ቅቤ ፀጉር አያበቅልም፤ የበቀለውን ያለሰልሳል፣ ከመሰበርም ይጠብቃል። ጤነኛ ራስ ላይ ችግር የለውም። ፎሮፎር የበዛበት፣ የሚያሳክክ ራስ ላይ ግን ቅባቱ ቆዳ ላይ ከሰነበተ ፎሮፎሩን ያብሰዋል፤ እንዲህ ከሆነ ፀጉሩን ብቻ ቀቢ፣ በማግስቱ እጠቢው። ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላል፤ ውኃ ቋጥሮ ሆስፒታል የሚያደርስ ቃጠሎ ሊተው ይችላል። ነጭ ጋዝ ለቅማልም ቢሆን አይቀባም።

ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ የሚገዛ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ከሁሉ የከፋው ነው። ቆረቆር ላይ ሲቀባ መቅላቱና ማሳከኩ ይጠፋል፣ ፈንገሱ ግን ይስፋፋል፤ ሐኪሙም መልኩ የጠፋ ሕመም ይደርሰዋል።

«የፀጉርና የጥፍር ቫይታሚን» ውስጥ ባዮቲን አለ። ሰው በቀን የሚያስፈልገው 30 ማይክሮ ግራም ነው፤ በብልቃጡ ላይ ግን 5,000 እና 10,000 ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ባዮቲን ያልጎደለባት ሴት አትጠቀምበትም። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ የእንቅርት ዕጢ የደም ምርመራን ውጤት ያዛባል። ከምርመራው ቢያንስ 3 ቀን በፊት አቁሚና መውሰድሽን ተናገሪ። ቫይታሚን ኤ ደግሞ ከመጠን ሲያልፍ ራሱ ፀጉር ያረግፋል።

7. መቼና የት?

በዚያው ሳምንት መታየት ያለበት፦ መግል ያለው ወይም ያበጠ የራስ ቆዳ፣ የሚለበልብና የሚያም መሳሳት፣ የሚያብለጨልጭ ባዶ ቦታ፣ በፍጥነት የሚበዙ ክብ ቦታዎች፣ ከላይ የተጠቀሱት የሆርሞን ምልክቶች። እኩል የሚረግፍ፣ ምክንያቱም የታወቀ ከሆነ እስከ ስድስት ወር መጠበቅ ይቻላል፤ የደም ማነስ ምርመራውን ግን ለምን ይቆያል?

መነሻው የቀበሌሽ ጤና ጣቢያ ነው። የደም ማነስ፣ የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራ እዚያ ይጀመራል፤ ሪፈር ወረቀትም ከዚያ ይጻፋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካለሽ ይህን መንገድ አትዝለዪ፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ትልቁ ሆስፒታል ከሄድሽ ወጪው በራስሽ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳና አባላዘር ሕክምና ክፍል አለው። «አባላዘር» የሚለው ስም አያሸማቅቅሽ፤ የፀጉርና የራስ ቆዳ ሐኪም የሚቀመጠው እዚያው ነው። ከአርማጭሆ ወይም ከመተማ የምትመጪ ከሆነ ውጤት በዚያው ቀን ላይደርስ ስለሚችል የማደሪያ ነገር አስቀድመሽ አስቢ።

8. ለቀጠሮው መሰናዶ

ሹሩባውን ከሁለት ቀን በፊት ፍቺ። ሹሩባ ለብሶ የቀረበ ራስ ለሐኪም እንደ ተዘጋ በር ነው። ሂውማን ሄሩም ይውጣ። ከፍቺው ወዲህ አትታጠቢ፤ ቅቤም ዘይትም አትቀቢ። የጥፍር ቀለም አስለቅቂ፤ ላሽ ጥፍር ላይ ጥቃቅን ስርጉዶች ይተዋል፣ እነሱ መታየት አለባቸው። እንሶስላ ለመሞቅ አስበሽ ከሆነ ከቀጠሮው በኋላ አድርጊው፤ እሱ እንደ ቀለም በአንድ ቀን አይለቅም።

በአንድ ወረቀት ላይ ጻፊ፦ መነቃቀሉ የጀመረበትን ወር፣ ከዚያ ሦስት ወር በፊት የሆነውን፣ ያለፉትን ሦስት የወር አበባ ቀኖች፣ የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ከነመርፌው፣ የባህል መድኃኒቱንም ጭምር፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሪላክሰር ወይም ቀለም የተቀባሽበትን ቀን፣ በእናትና በአባት ወገን ፀጉሩ የሳሳ ዘመድ ካለ። የመድኃኒቱን ስም ካላወቅሽ ብልቃጡን ይዘሽ ሂጂ። የቀድሞ የላቦራቶሪ ወረቀት አይጣል። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ለማርገዝ ካሰብሽ ከላይ በትልቁ ጻፊው፤ ግማሹ መድኃኒት በዚህ ይወሰናል።

9. ሐኪሙ ዘንድ

ሐኪሙ ራስሽን ከፋፍሎ ያያል፤ ካለ በአጉሊ መሣሪያ። ከ50 እስከ 60 ፀጉር በጣቶቹ ይዞ በቀስታ ይስባል፤ ከአምስት ስድስት በላይ ከወጣ መርገፉ አሁንም ቀጥሏል ማለት ነው። ቅርፊት ካለ ይፋቅና በማይክሮስኮፕ ፈንገስ ይፈለጋል።

የደም ምርመራው በአብዛኛው ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችት) እና ቲኤስኤች (የእንቅርት ዕጢ ምርመራ) ነው፤ እንደ ምልክቱ ቪዲአርኤል (የቂጥኝ ምርመራ) እና የሆርሞን ምርመራ ይጨመራል። ሁሉንም ባንዴ አዝዙልኝ ማለት ገንዘብ ማባከን ነው። ፌሪቲን ግን ከቀረ ጠይቂ። «ደምሽ ደህና ነው» የሚባለው ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር) ብቻ ታይቶ ሊሆን ይችላል፤ የብረት ጎተራው የሚታወቀው በፌሪቲን ነው፣ ከ30 በታች ሲሆን ብዙ ሐኪሞች ይሞሉታል። ደግሞም ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ናት። ደጋ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ በተፈጥሮ ከፍ ስለሚል፣ ለቆላ የወጣው የ12 መነሻ እዚህ ወደ ላይ ተስተካክሎ ይነበባል። ውጤትሽ 12.3 ከሆነ ይህን ማንሳት ነገረኛ አያሰኝም። ጉንፋን ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ላይ ሆነሽ ከተመረመርሽም ተናገሪ፤ ፌሪቲን በሕመም ጊዜ በሐሰት ከፍ ይላል።

ጠባሳ ከተጠረጠረ ናሙና ይወሰዳል። ቦታው ይደነዝዛል፣ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ይወጣል፣ አንድ ሁለት ስፌት ይደረጋል። ናሙናው ከዳር፣ ሕመሙ ገና ከሚሠራበት ቦታ ነው የሚወሰደው፤ ከመሐሉ ልሙጥ ቦታ ከተወሰደ ጠባሳ ብቻ ነው የሚያሳየው።

ሳትወጪ ሦስት ጥያቄ ጠይቂ። የኔ ጠባሳ የሚጥል ነው ወይስ አይደለም? መድኃኒቱ መሥራቱን የማውቀው በስንት ወር ነው? ባረግዝስ?

10. መድኃኒቱ ሲጀመር

ብረት። በባዶ ሆድ ወይም በብርቱካን ይወሰዳል፤ ከሻይ፣ ከቡናና ከወተት ይራቅ። ሆድ ከረበሸሽ ሐኪሙ ቀን እየዘለልሽ እንድትወስጂ ሊያደርግሽ ይችላል፤ አወሳሰዱም ደህና ይሠራል። ሰገራ ይጠቁራል፣ አትደንግጪ። ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላም ጎተራው እስኪሞላ ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል። ብልቃጡን ከልጆች አርቂ፤ ጥቂት ክኒን ሕፃን ይገድላል።

ቆረቆር በቅባት አይድንም፤ ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ነው። ግሪሲዮፉልቪን ከ6 እስከ 8 ሳምንት በአፍ ይወሰዳል፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን በደንብ ይገባል፤ በጾም ለውዝ ወይም ዘይት ያለው ወጥ ይሁን። የወሊድ መከላከያ ክኒንን ያዳክማል፣ ለእርጉዝም አይሰጥም። ልጆቹም አብረው ካልታዩ ተመልሶ ይመጣል።

ላሽ ጥቂት ቦታ ከሆነ ብዙ ጊዜ በዓመት ውስጥ ራሱ ይሞላል፤ ለማፋጠን በየ4 እስከ 6 ሳምንት ቦታው ላይ መርፌ ይሰጣል።

ሚኖክሲዲል መሐል መስመሩ ለሰፋባት ሴት ነው። ባለ 2 በመቶው ፈሳሽ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 1 ሚሊ ሊትር፣ በደረቀ የራስ ቆዳ ላይ ይቀባል፤ ፀጉሩ ላይ ከቀረ አይሠራም። ማታ ከመተኛትሽ ሁለት ሰዓት በፊት ቀቢ፣ አለዚያ በትራስ ተላልፎ ፊት ላይ ፀጉር ያወጣል። እጅሽን ታጠቢ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉ ይብሳል፤ ብዙዎች የሚያቋርጡት እዚህ ላይ ነው፣ ያረፈው ፀጉር ለአዲሱ ቦታ ሲለቅ ነው። ለውጡ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈልጋል፣ ሲቆም የተገኘው በወራት ውስጥ ይሄዳል። በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ አይደረግም። ቤት ድመት ካለም ተጠንቀቂ፤ ለድመት መርዝ ነው።

በመሳብ ለመጣው ዋናው መድኃኒት መፍታት ነው። ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ጠርዙ ሳይሠራ ይረፍ። ከዚያ በኋላ ስትሠሪ ወፈር ያለ ሹሩባ፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት ያልበለጠ፣ በሁለት ሹሩባ መሐል ሁለት ሳምንት ዕረፍት፤ ሪላክሰር የተቀባ ፀጉር ላይ ጥብቅ ሹሩባ አይደረብም። ሠሪዋ ስትጀምር ካመመሽ ያኔውኑ «እህቴ፣ ላላ አድርጊልኝ» በያት፤ ካለቀ በኋላ መናገር ያስቸግራል። ጠርዙ ላይ መጀመሪያ የሚበቅለው እንደ ሕፃን ፀጉር ያለ ጭራ ነው፤ ጣት እስኪያክል ድረስ ለቃቅማ ሹሩባው ውስጥ እንዳታስገባው ከመቀመጥሽ በፊት አስጠንቅቂያት።